ግንቡ በመዋጮ፣ ጠመኔው በማን?

ደሴ ላይ ለወላጆችና ለመምህራን ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ

እንደምን ዋላችሁ። የተጋበዝኩት ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጤና ጣቢያ ገንዘብ እንዳወራ ነው። ርዕሱ ደረቅ ነው፤ አውቃለሁ። ዕድሜዬን በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ከዚህ የተሻለ ወግ የለኝም። አብሽሩ፣ ሠንጠረዥ አላሳያችሁም።

በቀጥታ ልግባ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ወረቀት ያውቃል። ልጁ ደብተሩ ውስጥ አጥፎ ያመጣዋል። «የተከበሩ ወላጅ፣ በወላጆች ጉባኤ በተወሰነው መሠረት…» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የብሩ መጠን ይመጣል። ለጥበቃ ደመወዝ ነው፣ ለአጥር ነው፣ ለዴስክ ጥገና ነው፣ ለፈተና ማባዣ ነው። ጉባኤው ላይ ብዙዎቻችን አልነበርንም። የነበሩትም እጃቸውን ያወጡት ርእሰ መምህሩን ላለማሳፈር ነው።

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። ትምህርቱም በነጻ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ እንደሌለ ተናግሯል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌላው ማኅበራዊ አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ገንዘብ የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። ታዲያ ያ ወረቀት ከየት መጣ?

እኔ ዛሬ የምሟገተው እንዲህ ብዬ ነው። ያ መዋጮ ግብር ነው። ያውም ከግብር ሁሉ ክፉው ዓይነት። ጀበና ቡና የምትሸጠው እናትና ፒያሳ ላይ ፎቅ ያከራየው ሰውዬ እኩል ይከፍሉታል። በአዋጅ እንዲህ ያለ ግብር ቢወጣ አገር ይጮህ ነበር። በመዋጮ ሲመጣ ግን እንመራረቃለን።

የወረዳን በጀት ከውስጥ ላሳያችሁ። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል በቀመር ይወርዳል። ከክልል ወደ ወረዳ ደግሞ በጥቅል ድጎማ ይመጣል። ይህ አሠራር ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው ወደ ወረዳ የወረደው። ወረዳው የራሱን ገቢ ይጨምርበትና ያከፋፍላል። ማከፋፈል ማለቴ ለወጉ ነው። የመምህሩ፣ የነርሱ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ ሲነሳለት የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሥራ ማስኬጃ የምንላት ያቺ ናት። ነዳጅም ከእሷ ነው፣ አበልም ከእሷ ነው፣ ወረቀትም ከእሷ ነው። መጋቢት ላይ ነዳጅ ያልቃል። ግንቦት ላይ ወረቀት ያልቃል። ሰኔ ላይ ትዕግሥት ያልቃል።

ደመወዙም ቢሆን ሁልጊዜ ከኛው ኪስ የወጣ አልነበረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሽ አገሮች ለፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። በ1998 ዓ.ም. ግን የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የሚባል ፕሮግራም መጣና ገንዘቡ በወረዳ ድጎማ በኩል መፍሰስ ጀመረ። የመምህሩም የጤና ሠራተኛውም ደመወዝ በከፊል ከዚያ ነበር። አምባሰል ተራራ ላይ «ሀ ሁ» የሚያስቆጥር መምህር ደመወዙ በከፊል በለንደን ግብር ከፋይ ትከሻ ላይ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

ለምን በራሳችን አልቻልንም? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከጠቅላላ ምርቷ አንጻር ሲታይ በቅርብ ዓመታት ከ8 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በአማካይ የዚህን እጥፍ ያህል ይሰበስባሉ። ነጋዴ ወዳጆቼ እንዳትቀየሙኝ እንጂ፣ ያልተከፈለ ግብር ጠፍቶ አይቀርም። ልጅ ደብተር ውስጥ ታጥፎ ወደ ድሃው ቤት ይመጣል።

ሁልጊዜ እንዲህ ስናገር አንድ ሰው ይነሳብኛል። «አባቶቻችን ያለ መንግሥት አስተምረው የለም ወይ?» ይለኛል። አስተምረዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የአገሪቱን ታላላቅ መነኮሳት ያፈሩበት ቦታ ነው። ጀማ ንጉሥ በሸህ መሐመድ ሻፊ ዘመን፣ ከዚያም ዳናን የመሳሰሉት የቂርአት፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ከሩቅ አገር ደረሳ የሚባለው ተማሪ ይመጣባቸው ነበር። የቆሎ ተማሪውንም ደረሳውንም ያበላው ገበሬ ነው። ወሎ በዚህ ቢኮራ ይገባዋል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ገዳሙ ጉልት ነበረው፤ ማለትም የገበሬው ግብር ነበረው። እና ያ ሁሉ ድግስ ያስተማረው ጥቂቱን ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ አልነበረችበትም ማለት ይቻላል። ሁሉን ልጅ እናስተምር ያልን ቀን ሌላ ዓይነት ገንዘብ አስፈለገን።

ያ ገንዘብም አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ታወጀ። በመሬት ላይ የሚጣል ሲሆን የየጠቅላይ ግዛቱን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማስኬድ የታሰበ ነበር። በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር ተከተለ። የወሎ ገበሬ ሁለቱንም ከፍሏል። ትምህርት ቤቱ ግን ከተማ ውስጥ ቆመ። ይህችው የኛዋ ወይዘሮ ስሂን እንኳ፣ ስንት ትውልድ ያሳደገች ትምህርት ቤት፣ የከተማ ልጅ ናት። አብዮቱ ዋዜማ ላይ በአገሪቱ ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱ 10 ልጆች 2 እንኳ ትምህርት ቤት አይደርሱም ነበር። መንግሥት ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ሲወጣ መምህራን በየካቲት 1966 አድማ የመቱበት አንዱ ጉዳይ ይኸው ማን ምን ያህል ይማር የሚለው ነው። ግብር መክፈል ብቻውን አይበቃም ማለቴ ነው፤ የት እንደሚውልም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከ1986 በኋላ የሆነውን ደግሞ ማናናቅ አልወድም። አንደኛ ደረጃ የነበሩት ልጆች 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ 20 ሚሊዮን ገደማ ሆኑ። በ1996 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መቀጠር ጀመሩ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት 67 ሆነ። ይህ የመጣው እነዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቤት ለቤት በሄዱበት እግራቸው ነው፣ በመንግሥት ደመወዝ። የክትባቱ ገንዘብ ብዙው ከውጭ ነው፤ አልክድም። ግን ያለ ቋሚ ደመወዝተኛ ክትባት ብቻውን ዳገት አይወጣም።

አሁን ወደ በጎ ፈቃድ ገንዘብ ልምጣ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ነው የምናገረው፤ ብዙዎቻችን የዚያ ገንዘብ ባለዕዳ ነንና።

የ1977ቱን ረሃብ የምታስታውሱ አላችሁ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለጋሾችን ሰብስቦ አደጋው እየመጣ ነው ብሎ ነበር። እምብዛም የተነቃነቀ አልነበረም። በጥቅምት 1977 የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ገባ። ኮረም ያኔ ወሎ ነው። ዓለም አለቀሰ። በሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ኮንሰርት ተደረገ፤ ገንዘብ ጎረፈ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስንት ወር ነው? ገንዘቡ የመጣው ችግሩ ሲጀምር ሳይሆን ካሜራው ሲደርስ ነው። ሰጪዎቹን መውቀሴ አይደለም። የበጎ ፈቃድ ገንዘብ ጠባዩ ይህ ነው፤ ላየው ያዝናል፣ ያላየውን አያውቅም።

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ይህንን መቀየር ነበር። የምግብ እጥረቱ በየዓመቱ የሚታወቅ ከሆነ በየዓመቱ ልመና ለምን? አስቀድሞ በጀት ይያዝ፣ ሰው ይሥራ፣ ይከፈለው። ብዙ የወሎ ወረዳዎች ገብተውበታል። መራጩ ማን ነው፣ ማን ተረሳ የሚለው ጭቅጭቅ እስከዛሬ አለ። ሆኖም ሴትየዋ በጥር ምን እንደምታገኝ በኅዳር ታውቃለች። ካሜራ አትጠብቅም።

ላሊበላን ደግሞ ተመልከቱ። እዚያ ብዙ ልጅ የተማረው በቱሪስት ነው። ፈረንጁ ልጁን ይወደዋል፣ ኢሜይል ይለዋወጣሉ፣ በየዓመቱ ለደብተርና ለቤት ኪራይ ይልክለታል። ዶክተርም መሐንዲስም የሆኑ አሉ። ነገር ግን ማን ተመረጠ? እንግሊዝኛ የቀናው፣ ሆቴል በር ላይ የዋለው። ከተራራው ጀርባ በጎች የሚጠብቀውን ልጅ ማን አየው? አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ክፍል ከመቀመጥ ሆቴል በር መቆም እንደሚያዋጣ ገባው። ከዚያ በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ቱሪስቱ ቀረ። ቱሪስቱ ሲቀር ስፖንሰሩም ሳሳ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል የኛ ሰው።

ባለሀብቶቻችንስ? ወልዲያ ላይ ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ያሠሩት ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ እንደፈጀ ተነግሯል። ከተማው ተደስቷል፤ እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ገንዘቡ የእሳቸው ነው፤ የወደዱትን ሰጡ። እኔ የምለው፣ ያ ገንዘብ በግብር መልክ መጥቶ ቢሆን ኖሮ የሰሜን ወሎ ሰው «ስታዲየም ወይስ የየወረዳው ቤተ ሙከራ?» ብሎ የመከራከር መብት ነበረው። ምናልባት ስታዲየሙን ይመርጥ ነበር፤ ኳስ እንወዳለን። በስጦታ ላይ ግን ክርክር የለም። አመስግኖ መቀበል ብቻ ነው።

የወሎ ተርሸሪ ኬርና ማስተማሪያ ሆስፒታልንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ከአገር ውስጥም ከውጭም ሰው እጁን ዘርግቶለታል። አስፈላጊነቱ አያከራክርም። ለከባድ ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ በሽተኛ ጭኖ መሄድን የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። በ2014 ደግሞ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ባዶውን ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ አይተናል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሕንፃው አንዴ ይሠራል። ኦክስጅኑ፣ የላቦራቶሪው ሬጀንት፣ የስፔሻሊስቱ ደመወዝ፣ የማሽኑ መለዋወጫ በየወሩ ነው። ለዚያ ማን ቃል ገባ? ሠርጉን ደግሰን ትዳሩ በምን እንደሚበላ ሳንነጋገር ብንቀር የሙሽሪት ዕዳ ነው የሚሆነው።

ይህ የሁሉም መዋጮ ችግር ነው። ሰው ለግድግዳ ይሰጣል። ግድግዳ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ስም ይጻፍበታል። ለጠመኔ የሰጠ ሰው ስም የተጻፈበት ቦታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ለትውልድ የሚል ንቅናቄ ሲጀመር የትምህርት ሚኒስቴር ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ነበር። ሰው እንደገና አዋጣ። በዚያው ዓመት 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ አላቸው። ፈተና ያስፈተኑ ናቸው። የጎደላቸው በግድግዳው ውስጥ መኖር ያለበት ነገር ነው፤ መጽሐፉ፣ ቤተ ሙከራው፣ በደመወዙ ወር መድረስ የሚችል መምህር። ያ ደግሞ በአንድ ምሽት ቴሌቶን አይገዛም።

ውጭው ገንዘብ ሲቆምም አይተናል። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ከ5 ሺህ በላይ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። ውሳኔው የተሰጠው ዋሽንግተን ነው። እዚህ ያለ በሽተኛ አቤቱታውን የሚያቀርብለት ሰው እንኳ አልነበረም።

ስለ አረብ አገር ገንዘብ ሳልናገር ብወርድ ትታዘቡኛላችሁ። ሐርቡ፣ ባቲ፣ መርሳ፣ ቆቦ፣ የፈለጋችሁትን ጥሩ። ስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ሳዑዲ የሄደች ልጅ ለታናሽ ወንድሟ የግል ትምህርት ቤት ትከፍላለች። ለመስጊዱ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለቀበሌው ትምህርት ቤት መዋጮ ሲባል መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። እሷም «እሺ» ነው የምትለው፤ እምቢ ብትል በአገር ቤት የሚወራባትን ታውቀዋለች። እሷ ልትማርበት የሚገባትን ክፍል በሰው አገር ወለል እየወለወለች ለሌላ ልጅ ትሠራዋለች። በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ በየቤቱ የተቋረጠው የትምህርት ክፍያ በማንም በጀት ውስጥ አልነበረም። ይህንን «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ብሎ ሪፖርት ላይ ማስፈር ይከብደኛል። ስንት ዓመት አስፍረነዋል።

እሺ፣ የግል ትምህርት ቤት። እዚህ የተቀመጣችሁ መምህራን፣ ልጆቻችሁ የት ነው የሚማሩት? አትመልሱልኝ። እኔም ትንሿን ልጄን በግል ነው ያስተማርኩት፤ አልጸጸትምም። ወላጅ ለልጁ የተሻለ ከፈለገ ማን ይፈርድበታል? ደርግ በ1968 ዓ.ም. የግል ትምህርት ቤቶችን ወርሶ የሕዝብ አደረጋቸው። ያንን እንድገም የሚል ካለ እኔ የለሁበትም።

ግን የሚሆነውን እንየው። ልጁ ሲወጣ አባቱም አብሮት ይወጣል። ማመልከቻ መጻፍ የሚችለው፣ ከንቲባውን በስሙ የሚጠራው፣ ስልኩ የሚነሳለት አባት። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ወላጅ ጠዋት ጉልበት ሥራ ፍለጋ የሚወጣ ነው። ለስብሰባ ከመጣ የቀን ገቢው ቀረ። ቀስ እያለ ደግሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊውም፣ የምክር ቤት አባሉም፣ እኔን የመሰለ የበጀት ባለሙያውም ልጁን ያወጣል። በጀት የምንደለድለው ሰዎች ሁላችን ልጆቻችን ሌላ ቦታ ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ጣሪያ ሲያፈስ በወሳኙ ቤት የሚረጥብ ደብተር የለም። ክፋት አይደለም፤ ሰው የራሱን ነው ቀድሞ የሚያየው። ጤናም ላይ እንደዚያው ነው። የመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ የግል ክፍል የሚባለው ከተከፈተ ወዲህ የሚከፍለውና የማይከፍለው በአንድ ግቢ፣ በሁለት ወረፋ ይታከማሉ። ሐኪሙን ለማቆየት ይረዳል ይባላል፤ ምክንያትም አለው። ወረፋው የረዘመበት ሰው ግን አይጽፍም፣ አይደውልም።

የሚሠራ ነገር የለም ወይ? አለ። ቅሬን፣ የኛን የቀብር ዕድር፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ የሚቀብርበት አገር ነው። የቅሬ ጥሩነቱ መዋጮው ከመምጣቱ በፊት ደንቡ መታወቁ ነው። ማን በምን ጊዜ ምን እንደሚያገኝ፣ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚታለፍ ዳኛው ያውቃል። ግን ቅሬ ትምህርት ቤት ማስኬድ አይችልም። ሰፈሩ ደሃ ከሆነ ቅሬውም ደሃ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ይህንን ለመፍታት ሞክሯል። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት ያዋጣል። በሙከራው ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው ላይ ሩብ ያህሉን ይደጉም ነበር። የመክፈል አቅም የሌላቸውን ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። የድሃዋ መታወቂያ ከባለመሬቱ መታወቂያ አይለይም። ሰው አዋጥቷል፤ ግን በሕግ፣ በአንድ ቋት፣ ከመንግሥት ገንዘብ ጋር ተጋግዞ። የሚታማበትንም አውቃለሁ። መታወቂያውን ይዘህ ትሄድና «መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዛ» ትባላለህ። ይህ ደርሶብኛል። በጣም ተናድጃለሁ። መናደድ የቻልኩት ግን መብት ስለነበረኝ ነው፤ ምጽዋት ቢሆን ዝም ብዬ እመለስ ነበር።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላበቃ ስል አንዲት እናት እጅ አወጡ። ጥያቄያቸው ከንግግሬ ስለሚበልጥ እዚህ ላስገባው። «ጋሼ፣ የተናገሩት ሁሉ ጥሩ ነው። ልጄ ግን የምትማረው ዘንድሮ ነው። በጀቱ እስኪስተካከል መዋጮውን ልክፈል ወይስ ልተው?»

«ይክፈሉ» አልኳቸው። አጥሩ ካልታጠረ ከብት ይገባል፤ ጥበቃው ካልተከፈለው ወንበሩ ይሰረቃል። ግን ደረሰኝ ይቀበሉ። ሌላው ደግሞ፣ ሲያዋጡ የመክፈል አቅም የሌላቸው ቤቶች በወላጅ መምህር ኅብረቱ ስም ዝርዝር ተይዘው እንዲታለፉ ጉባኤው ላይ ያስወስኑ። ቅሬ ላይ የምናደርገውን ትምህርት ቤት ላይ ማድረግ ለምን ያቅተናል? አዲስ ክፍል በመዋጮ ይሠራ ከተባለ ደግሞ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ወረዳው የመምህሩንና የመጽሐፉን ገንዘብ በየትኛው ዓመት በጀት እንደሚይዝ በጽሑፍ ይስጥ። ካልሰጠ መሠረቱ ይቆይ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። ባዶ ክፍል ከመመረቅ ግን ይሻላል።

ከኋላ አንድ ሸህ ነበሩ። «በጀቱን የት አግኝተን ነው የምንጠይቀው?» አሉ።

«አንቱ ጥሩ ጠየቁ» አልኩ። የወረዳ በጀት በቀላል ቅጽ ተዘጋጅቶ በሰሌዳ ላይ የመለጠፍ አሠራር አለ። የወረዳው ግቢ ገብታችሁ ሰሌዳውን ፈልጉ። ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቁ።

ዋናው ችግር ግን ጊዜው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳ ምክር ቤቱ በጀት የሚያጸድቀው በክረምቱ መግቢያ ነው። ያኔ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ገበሬው እርሻ ላይ ነው። የወላጆች ጉባኤ የሚጠራው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ በጀቱ ካለቀ፣ ከተደለደለ በኋላ። ስለዚህ ጉባኤው ላይ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ስንት እናዋጣ። ወላጁ የሚጠራው ሁልጊዜ ለመክፈል ነው፤ ለመወሰን ተጠርቶ አያውቅም።

ጉባኤው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ይሁን። ወረዳው ዕቅዱን ሳይዘጋ። ርእሰ መምህሩ የጎደለውን በዝርዝር ይዞ ይምጣ፦ ስንት መምህር፣ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ዴስክ፣ ስንት ብር። ወላጁ ይስማ፣ ይከራከር፣ ያጽድቅ። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። አንድ ግልባጭ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ለምክር ቤቱ፣ አንድ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት። ቁጥርና ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥር የተሰጠው ወረቀት ደግሞ መልስ ይፈልጋል፤ ኃላፊው ባይወደውም።